መሪነትና ሥራ አመራር፦ ከሰቆጣ ቃል ኪዳን የምንማረው





ዛሬ የምናገረው ስለ መሪነትና ስለ ሥራ አመራር ልዩነትና ዝምድና ነው። በቋንቋችን ሁለቱም «መራ» ከሚለው ግስ የወጡ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ እናምታታቸዋለን። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ኮተር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራ አመራር ውስብስብ ተግባርን በሥርዓት ለመያዝ፣ መሪነት ደግሞ የለውጥን ፈተና ለመወጣት እንደሚያስፈልግ አስረድተዋል። እኔ ግን ጉዳዩን ከሰቆጣ ተነሥቼ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት በሰቆጣ ስም የተሰየመውን ቃል ኪዳን ይፋ አደረገ፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት ዕድሜ በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ነው። ከረሃብ ጋር ተያይዞ ይታወስ የነበረን ስም የተስፋ መጠሪያ ማድረግ፣ ቀን መቁረጥ፣ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ ዓላማ ሥር ማሰባሰብ የመሪነት ተግባር ነው።

ይሁን እንጂ ቃል ኪዳን ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። በመሆኑም በፌዴራልና በክልል ደረጃ ክንውኑን የሚከታተሉ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ ሥራው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ፤ ወረዳዎችም ወጪው የተሰላ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተደረገ። ይህ ሥራ አመራር ነው።

ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ሰው ላይ ነው። የወረዳ አስተዳዳሪ የጤናውንና የግብርናውን ኃላፊ አቀራርቦ በአንድ ግብ ሲያስማማ መሪ ነው፤ የተመደበው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጅ ነው። የመጀመሪያው ከጎደለ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ሪፖርት ይጽፋል እንጂ ሕፃኑ ማደጉን የሚጠይቅ አይኖርም። ሁለተኛው ከጎደለ ደግሞ ቃሉ ከአዳራሽ አይወጣም።

በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ለዋግ ኽምራም ተርፎ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቀድሞው ዕቅድ አይበቃም። «ማንን እናስቀድም?» የሚለውን ጥያቄ ደፍሮ የሚመልስ መሪ ያስፈልጋል፤ እርዳታው ለተፈናቀለችው እናት በእርግጥ መድረሱን የሚያረጋግጠው ግን በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነው።

ውድ ወገኖቼ፤ የእኛም የየቲሞች መዝገብ ድጋፉ መከፈሉን ያሳየናል፤ ልጁ በልቶ ማደሩንና ትምህርት ቤት መዋሉን ለማወቅ ግን ደጁን ማንኳኳት ይገባል። በአንጻሩ ልባችን ተነክቶ ቃል ገብተን ስሙን ሳንመዘግብ የቀረን እንደሆነ፣ ልጁን ያስጎመጀነው በከንቱ ነው። የሕፃን የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ካለፉ አይመለሱም። ስለዚህ ለቀጣዩ ዓመት ስናቅድ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድመን እንመልስ፦ ወዴት ነው የምንሄደው? መድረሳችንንስ በምን እናውቃለን?