ራትልስኔክ፣ ጓሯችን እና የሆስፒታል ቢል

(በኦሮራ፣ ኮሎራዶ በማኅበራችን የሜይ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ እባብ ምን አገባት እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰብሳቢያችን ተናገሪ ስትለኝ እኔም ይህንኑ ጠይቄአት ነበር። ግን በየዓመቱ ታክስ ስሠራላችሁ አድራሻ እጽፋለሁና፣ ስንቶቻችሁ ከከተማ ወጥታችሁ ወደ ቤኔት፣ ወደ ስትራስበርግ፣ ወደ ኤልዛቤት እንደሄዳችሁ አይቻለሁ። ሰፊ ግቢ፣ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት መሬት፣ የዶሮ ቤት፤ እሰየው ነው። ያ ሜዳ ግን የራትልስኔክ አገር ነው።

ራትልስኔክ መርዘኛ እባብ ነው። ጭራው ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር ከደረቀ ነገር የተሠሩ ቀለበቶች አሉት። ሲያራግባቸው ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደሚሰማው ያለ የማያቋርጥ ድምፅ ያወጣሉ። በእኛ አካባቢ ያለው ፕሬሪ ራትልስኔክ የሚባለው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። እዚሁ አጠገባችን ቼሪ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ብርዱን ከመሬት በታች አሳልፎ ኤፕሪል ግድም ይወጣና እስከ ኦክቶበር ይንቀሳቀሳል። በጋው ሲበረታ ደግሞ ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛና ሲመሽና ሌሊት ይወጣል። እናቶቻችን በነጠላ ጫማ ውጭ ውጭ የሚሉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ያንሿሿል፣ ከዚያ ነው የሚነክሰው ብላችሁ አትተማመኑ። ድንገት ከተረገጠ ወይም እጅ ከተሰደደበት ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ቀለበቶቹን ቆጥሮ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ አሮጌው ደግሞ ይሰበራል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እዚህ አገር ቡልስኔክ የሚባል መርዝ የሌለው ትልቅ እባብ አለ። ሲፈራ ራሱን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ ፉት ፉት ይላል፣ ጭራውን ደረቅ ሣር ላይ እያርገበገበ ራትልስኔክ ይመስላል። ጭራውን ከሩቅ እዩት፤ የቡልስኔክ ጭራ እየቀጠነ ሄዶ ይሾላል፣ ቀለበት የለውም። አይጥ የሚበላላችሁ እሱ ነውና ተዉት። መለየት ካልቻላችሁም አትጨነቁ፤ ለሁለቱም የምታደርጉት አንድ ነው። ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ራቁ፣ ልጆቹንና ውሻውን አስገቡ፣ መንገድ ስጡት። ባሎቻችሁ አካፋ ይዘው እንዳይወጡ ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚነከሰው ሊገድለው ወይም ሊይዘው ሲሞክር ነው። የተቆረጠ ራስ እንኳን ለተወሰነ ጊዜ መንከስ ይችላል።

እባብ ወደ ቤት የሚመጣው እኛን ፈልጎ ሳይሆን አይጥን ተከትሎ ነው። አይጥ ደግሞ እህል ተከትሎ ይመጣል። ጋራዥ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ የጤፍ ከረጢት፣ የዶሮ መኖ፣ ለወፍ የሚበተን ጥሬ፣ ሁሉም ግብዣ ነው። ክዳን ያለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይሁን። የማገዶ እንጨት ከቤቱ ራቅ ይበል፣ ሣሩ አጭር ይሁን፣ ከደረጃ ሥር ያለው ቀዳዳ ይደፈን። አቅም ያላችሁ፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ ብቻ ቀዳዳው ሩብ ኢንች በሆነ የሽቦ ወንፊት እጠሩ፤ ከፍታው 3 ጫማ፣ ታችኛው ጠርዝ መሬት ውስጥ የተቀበረ ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መርጨት፣ የብል መድኃኒት መበተን ትርፉ ድካም ነው። ለብል መድኃኒቱስ፣ ሕፃን አንሥቶ እንዳይውጠው ነው የምፈራው። ሲመሽ ደፈን ያለ ጫማ አድርጉ፣ ባትሪ ያዙ። ዓይናችሁ ያላየው ቦታ እጃችሁን አትስደዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናቶቻችን ልጅ ሊይዙልን ከአገር ቤት ሲመጡ እውቀታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ሰው በእባብ ሲነደፍ ከበላዩ በክር ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ። ሐኪም በሌለበት ቦታ ሰው ያገኘውን ያደርጋል፤ አልፈርድባቸውም። ይህ መርዝ ግን ሥጋን ያበሰብሳል፣ ደምም እንዳይረጋ ያደርጋል። ክር ካሰርን መርዙ አንድ ቦታ ተከማችቶ እጁን ወይም እግሩን ይብስ ይጎዳዋል። ከበጣን ደግሞ ደሙ አልቆምም ይላል። መምጠጥ የሚያወጣው ነገር የለም። በረዶ መያዝም አይረዳም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ያቀጥናሉና አይሰጡ፤ አረቄማ ጭራሽ አይታሰብም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከእባቡ ራቁና 911 ደውሉ። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ አልቦ ወዲያው ይውለቅ፤ እብጠቱ ከመጣ በኋላ አይወጣም። የተነከሰው ሰው ይቀመጥ፣ አይሩጥ፣ ራሱ መኪና አይንዳ። የተነከሰበትን ሰዓት ጻፉ፣ የእብጠቱን ጠርዝ በእስክርቢቶ አስምሩ፤ ሐኪሙ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያየው በዚያ ነው። እባቡን ይዛችሁ አትሂዱ። መድኃኒቱ ለራትልስኔክ ዓይነቶች ሁሉ የሚሠራ ስለሆነ የትኛው እንደነከሰ ማወቅ ግድ አይደለም። መርዝ ሳይለቅ የሚነክስበት ጊዜ አለ፤ ያን የሚለየው ግን ሐኪም ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ምክር ከፈለጋችሁ በ1-800-222-1222 የመርዝ ማዕከሉ ቀንም ሌሊትም በነጻ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም አለው።

እናታችሁ ከልጆቹ ጋር ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ የቤቱን አድራሻ በትልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። 911 ደውለው «አምሃሪክ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። የቤት ቁጥራችሁም ከመንገድ ይታይ። ገጠር ውስጥ አምቡላንስ ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ የእናንተ ነው።

በዚህ አገር በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ሰው በመርዘኛ እባብ ይነከሳል ይላል የመንግሥቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፤ የሚሞተው 5 ያህል ነው። ይህን ያህል ያነሰው ሰው ሆስፒታል ስለሚደርስ ነው። እኛን የሚያስቀረን ምንድን ነው? እንነጋገር ካልን፣ ቢሉ ነው።

ከመካከላችን የአንዷ ባለቤት ባለፈው በጋ እንጨት ሲያነሣ ጣቱን ተነከሰ። «ኢንሹራንስ የለኝም፣ እስቲ ትንሽ እንየው» እያለ ከሁለት ሰዓት በላይ ቤት ተቀመጠ። እብጠቱ ክርኑ ሲደርስ ነው እሷ በግድ የወሰደችው። ዳነ፤ ጣቱ ግን ዛሬም አይታጠፍም፣ ሰውየው ደግሞ በእጁ ሥራ የሚያድር ነው። «ስሜን አታንሺ እንጂ ተናገሪ» ብላኛለች።

ፍርሃቱ ከምንም አልመጣም። ክሮፋብ ወይም አናቪፕ የሚባለው መድኃኒት አንዷ ብልቃጥ በሺዎች ዶላር ትጠየቅባታለች። በክሮፋብ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ብልቃጥ ይጀመርና እንደ ሁኔታው ይጨመራል። ስለዚህ ቢሉ ያስደነግጣል። ግን ሦስት ነገር ልንገራችሁ፣ ይህ የእኔ ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም፣ መርምሮ ማረጋጋት አለበት። ለጉብኝት የመጡት እናታችሁም በዚሁ ውስጥ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ የክፍያ እርዳታ መመሪያ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት። ኮሎራዶ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ፣ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ለማይበልጥ ሰዎች ወርሃዊ ክፍያው ከገቢያቸው ጋር እንዲመጣጠን የሚያደርግ ሕግ አላት፤ 36 ጊዜ ከከፈሉ በኋላ ዕዳው እንደተከፈለ ይቆጠራል። ኢንሹራንስ ላላችሁ፣ ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የሌለው ሄሊኮፕተር ትርፍ ቢል ሊልክባችሁ አይችልም። የመሬቱ አምቡላንስ ግን በዚያ የፌዴራል ሕግ ውስጥ አልገባም። ለምን እንደቀረ እኔም ይገርመኛል።

ሦስተኛው፣ ቢሉ ሲመጣ ደንግጣችሁ ክሬዲት ካርድ ላይ አትጫኑት። ካርድ ላይ ከገባ ተራ ዕዳ ሆነ፣ ወለድ ይበላችኋል፣ ሆስፒታሉም ገንዘቡን አግኝቷል። ዝርዝር ቢል ጠይቁ፣ የሕክምና ማኅደሩንም አብራችሁ ጠይቁ። ቢሉ ላይ ያሉትን ብልቃጦች ማኅደሩ ላይ ተሰጡ ከተባሉት ጋር ቁጠሩ። በዚያ ሰውዬ ቢል ላይ አንድ የደም ምርመራ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘን፤ ተነሣለት። የእርዳታ ማመልከቻውንም አብረን ሞላን፤ አሁን በየወሩ የሚከፍለው ከስልኩ ቢል ያነሰ ነው። ጣቱን ግን በምንም ማመልከቻ አላገኘውም።

ደጋፊዎቻችን ባዋጡት ገንዘብ በአማርኛ የታተመው የማቀዝቀዣ ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ አድራሻችሁን የምትጽፉበት ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ ለጎረቤት ይሁን። ቢል ያላችሁ ደግሞ፣ የእባብም ይሁን ሌላ፣ ሳትከፍቱት መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቱት። በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ እቀመጣለሁ፤ ፖስታውን እንደታሸገ አምጡልኝ።