ዝንጉርጉሩ ሐረግ በቤታችን ውስጥ፦ ስለ ፖቶስ እንክብካቤና ስለሚያስከትለው ኃላፊነት



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በየቢሮውና በየሳሎኑ ከመደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው፣ ቅጠሉ በአረንጓዴና በወርቃማ ቀለም የተዥጎረጎረው ሐረግ ነው። ብዙዎች «መኒ ፕላንት» ይሉታል፤ ፖቶስ የሚለው ደግሞ በዕፅዋት ሳይንስ ዘንድ የቀድሞ ስሙ ነው። በጂንካም ሆነ በገዘር፣ ከቀለም ቆርቆሮ እስከ ሸክላ ማሰሮ ባገኘው ዕቃ ሁሉ ይበቅላል። ጉዳዩ ለሕዝባዊ ትምህርት የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህን ተክል በአግባቡ መያዝ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሥርና ስለ ዘር ያለንን እውቀት ይፈትናል፤ አወጋገዱ ደግሞ ከቤታችን ደጃፍ ያለፈ ኃላፊነት ያስከትላል።

በትውልዱ እንጀምር። ተክሉ የተገኘው በደቡብ ፓሲፊክ በምትገኘው በሞኦሬአ ደሴት ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሲያዛውሩት ቆይተዋል። ዕፅዋትን ለመመደብ ዋናው ማስረጃ አበባ ነው፤ ፖቶስ ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አያብብም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፦ ጂበረሊን የተሰኘውን ሆርሞን ለማምረት የሚያስፈልገው ዘረመል በተክሉ ውስጥ ሥራውን አያከናውንም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ የሚገኘው የቤት ውስጥ ፖቶስ የሚራባው በዘር ሳይሆን በቁራጭ ነው።

ይህ አራባብ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። የአሪ ገበሬ እንሰትን ሲያባዛ ከሐምቾው በሚወጣው ቡቃያ እንጂ በዘር አይደለም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳዮሺ ሺጌታ በአሪ ምድር ባደረጉት ጥናት ገበሬዎች በስም ለይተው የሚያውቋቸው የእንሰት ዓይነቶች ከ70 በላይ መሆናቸውን መዝግበዋል። ገበሬው አንዱን ከሌላው የሚለየው በቅጠሉ፣ በአገዳውና በግንዱ ቀለምና ቅርጽ ነው። እንግዲህ በቅጠል ላይ ያለን የቀለም ልዩነት አስተውሎ መምረጥና ጠብቆ ማቆየት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ በጓሮአችን የኖረ ጥበብ ነው።

ዝንጉርጉርነቱ ከምን የመነጨ ነው? የቅጠሉ ነጣ ወይም ወርቃማ ያለው ክፍል ክሎሮፊል የለውም፣ ወይም ያለው በጣም ጥቂት ነው። ስለሆነም ብርሃን አስተጻምሮ የሚያካሂደው በዋናነት አረንጓዴው ክፍል ነው፤ ነጩ ክፍል አረንጓዴው ያዘጋጀውን ይመገባል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ነጭነቱ የበዛ ተክል አዝጋሚ ነው፤ ቀስ ብሎ ማደጉ ሕመም አይደለም። ሁለተኛ፣ ብርሃን ባነሰበት ክፍል አዲሶቹ ቅጠሎች ወደ አረንጓዴነት ያዘነብላሉ። ይህ ሲታይ ተክሉን ወደ ተሻለ ብርሃን ማቅረብ፣ አረንጓዴ ብቻ የሆነውንም ቀንበጥ ጥሩ ዝንጉርጉር ቅጠል ካለበት አንጓ በላይ መቁረጥ ያስፈልጋል። ካልተቆረጠ ብርቱው አረንጓዴ ቀንበጥ ሌላውን ይበልጠዋል።

ብርሃንን በተመለከተ በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎች የሚሰጡት ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። እነርሱ የደቡብ መስኮት ፀሐያማ፣ የሰሜን መስኮት ጥላማ ነው ይላሉ። ጂንካ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትርቃለች። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል። ስለዚህ ሁለቱም መስኮቶች በየተራ ፀሐይ ያገኛሉ። ለፖቶስ የሚስማማው የማለዳ ለስላሳ ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ነው። በምዕራብ መስኮት የከሰዓቱ ፀሐይ ነጩን ክፍል ስለሚያቃጥለው በስስ መጋረጃ መከለል ይገባል።

ቀጥሎ ውኃ ነው። የቤት ውስጥ ፖቶስ ከጥማት ይልቅ በውኃ ብዛት ይሞታል። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ዘወትር ከረጠበ አየር ያጣና ይበሰብሳል። መለኪያው ጣት ነው፦ አፈሩ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲደርቅ ብቻ፣ ውኃው ከሥር በቀዳዳው እስኪወርድ ድረስ ማጠጣት፣ በሳህኑ የተጠራቀመውንም መድፋት ነው። በዚህ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመኸሩ ወራት ስለሚጥል፣ ሰማዩ በሚዳምንበትና አየሩ በሚረጥብበት ጊዜ አፈሩ የሚደርቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚጠጣበትን ቀን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የአፈሩ ሁኔታ ነው። ቀይ አፈር ብቻውን በዕቃ ውስጥ ስለሚጠጥር ከበሰለ ብስባሽና ከሻካራ የወንዝ አሸዋ ጋር መደባለቅ ይኖርበታል።

ማባዛቱ ቀላል ነው። ቢያንስ አንድ አንጓ ያለውን ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ አንጓውን ውኃ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። አንጓ የሌለው ቅጠል ሥር ቢያወጣም እንኳ ሐረግ አይሆንም። የምላጩን ንጽሕና የእንሰት ገበሬዎች በሚገባ ይረዱታል፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የመቁረጫ መሣሪያ ነውና።

በዚህ ተክል ዙሪያ የሚነገር አንድ እምነት ማረም እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በናሳ ድጋፍ የወጣ ጥናት የቤት ውስጥ ተክሎች መርዛማ ጋዞችን ከአየር እንደሚቀንሱ አመልክቷል። ሆኖም ሙከራው የተካሄደው በታሸገ አነስተኛ ሣጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የጥናቶች ግምገማ እንዳሰላው፣ የተለመደው የሕንፃ አየር ዝውውር የሚያከናውነውን ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክሎች ያስፈልጋሉ። ንጹሕ አየር የሚፈልግ ሰው መስኮቱን ይክፈት፤ ፖቶስን ስለ ውበቱ ያሳድገው።

አሁን ወደ ዋናው ጭብጤ እመጣለሁ። ፖቶስ ከጎደሬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጎደሬ ሳይበስል ቢበላ ጉሮሮን እንደሚያሳክክ እናውቃለን፤ ምክንያቱ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሰል ቅንጣቶች ናቸው። እነዚሁ ቅንጣቶች በፖቶስም ውስጥ አሉ። ስለዚህ የሚንጠለጠለው ሐረግ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ መሆን አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ፖቶስ በቤት ውስጥ ትሑት ቢመስልም፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ደጅ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቅጠሉም እጅግ ይሰፋል። በስሪላንካ፣ በሃዋይና በፍሎሪዳ ከጓሮ አምልጦ ጫካ ወርሯል። ዘር አያፈራም ብለን ልንጽናና አንችልም፤ የተጣለ አንድ አንጓ ይበቃዋል። እምቦጭም ከአገሩ የወጣው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር፤ በአገራችን ከቆቃ ጀምሮ እስከ ጣና ሐይቅ ያደረሰውን ጉዳት ሁላችን እናውቃለን። ዝናብ የማይነፍገው የጂንካና የገዘር አካባቢ፣ ጥላ ያለው የእንሰትና የቡና ጓሮ፣ ለዚህ ሐረግ የሚመች ስፍራ ነው። ስለሆነም የተቆረጠው ቀንበጥ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ጫካ ወይም ወደ አጥር ሥር አይጣል፤ በፀሐይ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ይቃጠል።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ይህ አደራ በተለይ ለእናንተ ነው። ከመኝታ ክፍላችሁ መስኮት ላይ አንድ ሐረግ ብታሳድጉ ብርሃን ሲለዋወጥ ቅጠሉ እንዴት እንደሚለወጥ መዝግቡ፤ ወጪ የማይጠይቅ ቤተ ሙከራ ይሆናችኋል። ተመርቃችሁ ስትሄዱ ግን ለሚንከባከበው ሰው ስጡት እንጂ ከግቢው አጥር ውጭ አትተዉት።