የተሰበረ የከብት እግር እንዴት ይታሰራል?

(በስማዳ ለጎልማሶች ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ንባቡን ትንሽ ቀደም ብለን አቁመን ስለ ከብት ስብራት እንነጋገራለን። ይህን ለመናገር ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። ስሕተቱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

እኛ ፊደል ልናስቆጥር የተላክን ተማሪዎች ነን። ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት በታች ጋይንት ነበርን። ያስጠጉን አንዲት እናት ባል የላቸውም፤ ሀብታቸው አንዲት ጊደር ነበረች። ጊደሯ ወደ ውሃ ስትወርድ እግሯ በድንጋይ መሐል ተቀረቀረና የፊት ቅልጥሟ ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን አልቀደደውም ነበር። እማማ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ እዩልኝ» አሉን። አናውቅም ማለት አፈርን። በትምህርት ቤት ስለ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ የሰማናትን ታህል አስታወስንና፣ ሁለት የቀርከሃ ፍልጥ ከግራና ከቀኝ ገጥመን በእርጥብ ጠፍር ጥፍር አድርገን አሰርነው። «እንዳይላላ!» እያልን ለሁለት ሳብነው። ሥራችንን አይተንም ደስ አለን።

በማግስቱ ጊደሯ ድርቆሹን ተወች። ሕመሙ ነው አልን። በሦስተኛው ቀን እግሯን ጨርሶ መሬት አላስነካ አለች። ገና ነው፣ ይሻላታል አልን። በአምስተኛው ቀን ሽታ መጣ። ስንፈታው ከእስሩ በታች ያለው እግር ቀዝቅዟል፣ ጠቁሯል፣ ቆዳው በእጃችን ይላጥ ጀመር። ስብራቱ አይደለም ጊደሯን የገደላት። የገደላት እስራችን ነው። እማማ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ «የእግዜር ነገር ነው» ብለው ዝም አሉ። የእኛ ነገር እንደ ነበረ ግን እናውቃለን።

እናንተ የከብትን ዋጋ ከእኛ መስማት አያስፈልጋችሁም። በዚህ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። እንግዲህ አንዱ በሬ ሲሰበር የሁለት ቤት እርሻ ይቆማል ማለት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በወረደው ክፉ ቀን ደስታ የሚባለው በሽታ ከብቱን ሲፈጅ፣ አራሹ በዶማ ሲቆፍር እንደ ነበር ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ለገደል ግን ክትባት የለውም። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት የሚሰማራ ከብት ዛሬም ይሰበራል።

ወደ ጊደሯ እንመለስ። እግሯ ለምን ሞተ? አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ያብጣል። እብጠቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ስለዚህ ዛሬ ልክ የነበረ እስር ነገ ጠባብ ይሆናል። ማንም ሳይነካው ራሱ ይጠብቃል። ደም ደግሞ እንደ መስኖ ውሃ ነው። ቦዩን ከላይ ብትዘጉት ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል። ደም ጨርሶ የተቋረጠበት ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በዚያ ላይ ያሰርንበት ጠፍር ነው። የጠፍር አልጋ የሚሠራ ሰው ጠፍሩን አርጥቦ የሚወጥረው ለምንድን ነው? ሲደርቅ እንዲከርር አይደለም? እኛም የሰው ከብት እግር ላይ አልጋ ወጠርን።

ይኸ በሰውም ላይ ይደርሳል። ስብራታቸው በቀርከሃ ከልክ በላይ ጠብቆ በመታሰሩ እጃቸው ወይም እግራቸው በሆስፒታል የተቆረጠ ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ አሁን የምንናገረውን ለልጆቻችሁም ያዙት።

ከዚያ በኋላ እስቴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አገኘን። የተሰበረች የበግ ጠቦት ሲያስሩ ቁጭ ብለን አየን። ያየነውን፣ በኋላም ከእንስሳት ሐኪም ጠይቀን የተረዳነውን አንድ ላይ እንነግራችኋለን።

ሽማግሌው ገመድ ከመፈለጋቸው በፊት ስብራቱ የት እንደሆነ በጣታቸው ፈለጉ። ነገሩ ሁሉ በዚህ ይወሰናል። በፊት እግር ከጉልበት በታች፣ በኋላ እግር ከቋንጃ በታች የሆነ ስብራት ይታሰራል፤ ቆዳው ካልተቀደደም ደህና አድርጎ ይድናል። ከዚያ በላይ፣ በታፋ ወይም በወርች ላይ የሆነ ግን በእንጨት አይያዝም። ምክንያቱም ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት ሁለቱ መገጣጠሚያዎች ካልተያዙ አጥንቱ ይላወሳል። የታፋን የላይኛውን መገጣጠሚያ ማን ያስረዋል? እንዲያውም በዚያ ላይ እንጨት ማሰር እንደ መዶሻ እየተወዛወዘ ስብራቱን ያብሰዋል። ግልገል ከሆነች በጠባብ ጋጣ ሳትንቀሳቀስ ብትቆይ ልትጠግን ትችላለች። በሬ ከሆነ ግን ቁርጡን እንናገር። 250 እና 300 ኪሎ የሚመዝን ከብት፣ ከክብደቱም ከግማሽ የሚበልጠውን በፊት እግሮቹ የሚሸከም፣ ወርቹ ተሰብሮ ተመልሶ ያርሳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ሐኪም በቅርብ ካለ ይጠየቅ። ከሌለ ሳይከሳ ይታረድና ቅርጫ ይግባ፤ ገንዘቡ ለወይፈን መግዣ ይረዳል። ሁለት ሳምንት አሰቃይቶ፣ ከስቶና ሸቶ ከሚሞት ይህ ይሻላል። መርፌ ተወግቶ ከሆነ ግን ሐኪሙ የሚለው ቀን ሳያልፍ ሥጋው አይበላም።

አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣስ? ይህም አስቸጋሪ ነው። ውሃ አፍልታችሁ፣ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ቁስሉን በደንብ እጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሳትዘገዩ ነፋስ መውጫም ሆነ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ፣ ወደሚቀርባችሁ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እበትም አፈርም አይደረግበት።

አሁን ወደ አስተሳሰሩ እንምጣ። ጠቦቷን አንድ ልጅ በጎኗ አስተኝቶ ያዛት። ሌላው እግሯን ከሰኮናው ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሳበ፣ እግሩ ከጤነኛው ጋር እኩል ቀጥ እስኪል ድረስ። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ የተባዘተ ጥጥ እግሩን ዙሪያውን አለበሱት። ጥጥ የሌለው ታጥቦ የደረቀ የበግ ጠጉር ይጠቀም፤ ጉና ሥር ጠጉር አይጠፋም። ይኸን ማልበስ እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። እንጨት በባዶ ቆዳ ላይ አርፎ ሲያሽ ውሎ ያቆስላል፤ ቁስሉም ከእስሩ ሥር ስለሆነ አይታይም። በተለይ አጥንት ጎላ ባለበት፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥጡ ይብዛ።

ከዚህ በኋላ አራት ጣት ስፋት ያለው የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ከታች ከሰኮናው ወደ ላይ ይጠመጠማል። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን እኩሌታ ይሸፍን። ከላይ ወደ ታች ከጠመጠማችሁ ደሙን ወደ ሰኮናው እየነዳችሁ ታጉሩታላችሁ። በዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የቀርከሃ ፍልጥ ይደረጋል። ጠርዙ በቢላዋ ይለስልስ፤ ጫፉ ይዶልዱም፤ በጨርቅም ይጠቅለል። ርዝመቱ ከሰኮናው አጠገብ ጀምሮ ከጉልበቱ በላይ ይለፍ፤ በኋላ እግር ከሆነ ከቋንጃው በላይ። አጭር ፍልጥ ስብራቱን አይይዝም። ከዚያ እንደገና በጨርቅ ይጠመጠምና ይቋጠራል። ቋጠሮው በፍልጡ ላይ እንጂ በሥጋው ላይ አይረፍ። ጠፍር፣ ሲባጎ፣ መጫኛ አይታሰርበት። ሲያልቅ በእስሩ ጠርዝ አንድ ጣት አስገቡ። ጣቱ እየተጨነቀ ከገባ ልክ ነው። አልገባም ካለ ይፈታ። የሰኮናው ጫፍ ሳይሸፈን ይቅር፤ የምናየው እሱን ነው።

ከተማ ውስጥ ሐኪም በጀሶ ያስራል። ጀሶ የነከረ ጨርቅ ለስብራት መጠቅለያ እንዲሆን ያደረገው አንቶኒየስ ማታይሰን የተባለ የሆላንድ ወታደራዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1852 ነበር። ጀሶ የሚወጣበት ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ዓለት ውስጥም አለ። ሐኪም ጋ መድረስ የሚችል በጀሶ ቢያሳስር የበለጠ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጥጥ፣ ጨርቅና ቀርከሃ ይበቃል።

በዚያ ቀን ሽማግሌው አስረው ሲጨርሱ ሥራው አለቀ ብለን ተነሣን። እሳቸው ሳቁብን። «ተቀመጡ እንጂ፣ ገና መቼ ተጀመረ! እስር አይዶለም የሚያድን፣ ዓይን ነው» አሉን። ማታ ተመልሰው መጡ፤ ጧትም መጡ። ሰኮናዋንና ከሰኮናዋ በላይ ያለውን ቆዳ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱና ከጤነኛው እግሯ ጋር አስተያዩት። በሁለተኛው ቀን ጧት ከእስሩ በታች አብጦ አገኙት። ወዲያው ፈቱት፣ ጥጡን አስተካከሉ፣ ላላ አድርገው መልሰው አሰሩት። እኛ ከጊደሯ ዘንድ ያላደረግነው ይኸን ብቻ ነበር።

የምትጠባበቁት ይህንን ነው፦ ከእስሩ በታች ማበጥ፣ ከሌላው እግር ይልቅ መቀዝቀዝ፣ ሽታ፣ መብል መተው፣ እስሩን በጥርስ እየነከሱ መጎተት። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ይፈታ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጧትና ማታ ይታይ። ዝናብ ያራሰው እስር በደረቅ ይለወጥ። ግልገልና ጥጃ ደግሞ ያድጋሉ፤ እስሩ በየሳምንቱ ተፈትቶ ካልተስተካከለ እያደጉ ራሳቸውን ያንቃሉ። ከብቱ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይዋል፤ ድርቆሹና ውሃው ወደሱ ይምጣለት። አጥንት ለመግጠም ለግልገል ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ ለጥጃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ለትልቅ ከብት 8 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በቅሎና ፈረስ ከሁሉም ይከብዳሉ። ቆመው ስለሚውሉ የቀሩት እግሮቻቸውም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ለነሱ ከመጀመሪያው ሐኪም ይጠየቅ።

ከሽማግሌው ጋር በሁለት ነገር አልተስማማንም። አንደኛ፣ ስብራቱን በየቀኑ በቅቤ ያሹ ነበር። መግጠም የጀመረ አጥንት ሲታሽ ይላቀቃል። ሁለተኛ፣ እብጠት በብረት ይተኩሳሉ። መተኮስ በስብራት ላይ ቁስል መጨመር ነው። ይህን ስንላቸው «አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር» አሉ። ጠቦቷን ግን ሳያሹም ሳይተኩሱም ተዉልን። በ25ኛው ቀን እስሩ ሲፈታ መጀመሪያ አነከሰች፤ በሳምንቱ ከመንጋው ጋር ወጣች። ቅልጥሟ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀርቷል፤ እሱም ምንም አይላት።

ነገ ስትመጡ ከየቤታችሁ አሮጌ ጨርቅና አንድ አንድ የቀርከሃ ፍልጥ ይዛችሁ ኑ። ጠቦት ይዘን በጤነኛ እግሯ ላይ ሁላችሁም እያሰራችሁ ትለማመዳላችሁ፤ ጣትም እያስገባችሁ ትለካላችሁ። የተሰበረ ከብት ያለው ደግሞ ያሰረበትን ቀን በከሰል በበረቱ ምሰሶ ላይ ይጻፍ፤ ያየበትንም ቀን በየጊዜው ከሥሩ ያስከትል። ቁጥርና ፊደል አሁን ታውቃላችሁ። የታች ጋይንቷ እማማ አሁን የጎረቤታቸውን ጥጃ እያስታመሙ ነው አሉ። በምሰሶው ላይ እስከ ትናንት 11 መስመር ጽፈዋል።