እጅ እንዳይቃጠል የገባችው ነጭ ቁራጭ

— አድማጮቻችን፣ የድሮ የእንግሊዝ የብር ቅብ የሻይ ማንቆርቆሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጀታው ላይ ስስ ነጭ ቁራጮች አሉ። የዝሆን ጥርስ ናቸው።

— ለጌጥ?

— አይደለም። ብረቱ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፤ እነሱ ባይኖሩ እጅ ያቃጥላል።

— ሲሰነጠቁስ?

— ዛሬ ብዙ ጠጋኞች በፕላስቲክ ወይም በከብት አጥንት ይተኳቸዋል። ቁራጩን የያዘችውን ትንሽ ሚስማር ቀስ አድርገው ሰርስረው ያወጣሉ፤ አዲሱን ሞርደው ልክ ያስገቡታል። እሳት ግን አያስጠጉም፤ ቅቡ ስስ ስለሆነ ይበላሻል።

— እኔ ግን ቅር ይለኛል። ጥንታዊነቱ ምኑ ቀረ?

— እውነትህን ነው፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይችላል። ግን ለዚህች ቁራጭ ዝሆን ይገደል?

— ኧረ በፍጹም! ከሌላ የተሰበረ አሮጌ ዕቃ ቢወሰድስ?

— ያም ቢሆን ገበያውን ያቆየዋል። ብሪታንያ እኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ፣ ከ2022 ጀምሮ ንግዱን በአብዛኛው ከልክላለች። ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ግን ተመዝግቦ ይሸጣል።

— እንግዲያው ያልተሰነጠቀውን አትንኩት በያቸው።

— አዎ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥም አትዘፍዝፉት። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።