ሺራዝ በርካሽ ሲቀርብ
(በሆሳዕና ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በሆቴሎቻችን የግዥ ክፍል ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ይኸውም የአስመጪ ወኪል መጥቶ «ከአሮጌ የወይን ግንድ የተጠመቀ ኃይለኛ ሺራዝ ነው፤ ብዙ ካርቶን ከወሰዳችሁ ዋጋውን እቀንሳለሁ» ሲል ምን ብለን እንመልስለት የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአነስተኛ ሆቴል ውስጥ በአንድ ቀን ለመጠጥ የወጣ ገንዘብ የወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሊሆን እንደሚችል እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ሺራዝና ሲራ አንድ የወይን ዘር ናቸው። ስሙ ከፋርስ ከተማ ጋር ስለሚመሳሰል ዘሩም ከዚያ መጣ እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገው የዘር ምርመራ ግን ሁለቱም ወላጆቹ የፈረንሣይ ተክሎች መሆናቸውን አረጋግጧል። ወደ አውስትራሊያ የገባው በ1830ዎቹ ሲሆን፣ በባሮሳ ሸለቆ በ1843 እንደተተከሉ የሚነገርላቸው ግንዶች ዛሬም ያፈራሉ። ለዚህ ዕድሜ የበቁትም በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሣይን የወይን ቦታ ያራቆተው ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ባለመዝለቁ ነው። የሚገርመው፣ እዚያው አገር በ1980ዎቹ መንግሥት ለገበሬዎች ገንዘብ እየከፈለ ብዙ አሮጌ ግንዶችን አስነቅሏል። ያን ጊዜ ፈላጊ ያጣው ዕድሜ ዛሬ በጠርሙሱ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፋል።

ታዲያ «አሮጌ» ማለት ስንት ዓመት ነው? በአብዛኛው አገር ለዚህ ቃል በሕግ የተወሰነ ዕድሜ የለም። የ20 ዓመት ግንድም በሻጩ አፍ አሮጌ ሊባል ይችላል። የባሮሳ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ደንብ 35 ዓመት የሞላው ብቻ አሮጌ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ለ70፣ ለ100 እና ለ125 ዓመት የተለያየ መጠሪያ አለ። በደቡብ አፍሪካም ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግንዶች ለሚጠመቅ ወይን ጠጅ የተተከለበት ዓመት የተጻፈበት ማኅተም በጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ለእኛ ከሩቅ አገር ወሬ በላይ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወገናችን ብዙ ነውና፣ ለሠርግና ለበዓል ሲመለስ ሺራዝን በስሙ ጠርቶ የሚያዝ እንግዳ በሆሳዕናም በዱራሜም ይገኛል። አስተናጋጁ ማኅተሙን አንብቦ ማስረዳት ካልቻለ ያፍራል።

ያረጀ ግንድ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅን ይችላል፤ ፍሬው ጥቂት፣ ጣዕሙም የተከማቸ ይሆናል ይባላል። ይህ በብዙ ቦታ እውነት ቢሆንም ዕድሜ ብቻውን ሰነፍ ጠማቂን አያድነውም። በአንጻሩ ዋጋው ዝቅ ያለ ሁሉ መጥፎ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአውስትራሊያ ወይን ጠጅ ላይ ከ200 በመቶ ያለፈ ቀረጥ ጥላ እስከ መጋቢት 2024 ስላቆየችው፣ ቀይ ወይን ጠጅ በየጋኑ ተከማችቶ ደኅናውም ጭምር በርካሽ ተሽጧል። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ይኸው ርካሽነት ይጠፋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ምን ያህል እንደከበደ የግዥ ደብተራችሁ ይመሰክራል።

በዚህ ላይ ሲራ ለመጠጣት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በወራቤና በቡታጅራ በኩል ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሙ ባቱ፣ ጎረቤታችን ነው። የፈረንሣዩ ካስቴል ኩባንያ ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በዚያ ሲራ፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚል ስም ይሸጣል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ክረምቱ በረዶ ስለሌለው የወይኑ ግንድ በራሱ አይተኛም፤ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ገራዡ በመቀስ ነው። እነዚህ ግንዶች በባሮሳ ደንብ ቢለኩ አሮጌ ለመባል እስከ 2035 ዓ.ም. ገደማ መጠበቅ አለባቸው። (በነገራችን ላይ፣ የምንኖርበትን አየር አባቶቻችን ወይና ደጋ ብለውታል፤ ስሙ ወይን ነው፣ በጓሯችን የበቀለው ግን እንሰት ነው።)

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ 75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለምሳሌ ጠርሙሱን በ1,000 ብር ብንገዛ ብርጭቆው 200 ብር ያወጣል። በከተሞቻችን ግን ብዙው ሰው በእምነቱ ምክንያት አልኮል አይቀምስም፤ ይህን ማክበር የሙያችን ግዴታ ነው። ስለዚህ ከተከፈተው ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ተሸጦ ሦስቱ ከተበላሸ፣ የተሸጠው እያንዳንዱ ብርጭቆ 500 ብር አስወጣን ማለት ነው። ወኪሉ በካርቶን የቀነሰልን ገንዘብ ይህን ጉድለት አይሞላውም። ቤቱ በሳምንት ስንት ብርጭቆ ቀይ ወይን ጠጅ እንደሚሸጥ በጽሑፍ ሳይያዝ ብዙ ካርቶን መግዛትን እኔ በበኩሌ አልደግፍም።

ከምግብ ጋር ማቅረብም ጥንቃቄ ይሻል። የሺራዝ መዓዛ ቁንዶ በርበሬን የሚያስታውስ ነው፤ እንዲያውም በሁለቱ ውስጥ ያለው ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አንድ መሆኑን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አሳውቀዋል። የአልኮሉ መጠን 14 እና 15 በመቶ ሲደርስ ግን ሚጥሚጣን ያባብሳል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ከበዛበት ክትፎ ይልቅ ቅባት ላለው ጥብስ ይስማማል። ከአታካና ጋር ግን ባይቀርብ እመርጣለሁ፤ ቅቤው የወይኑን ጣዕም ይሸፍነዋል፣ ወይኑም የቡላውን ለዛ ያጠፋል።

ወኪሉ ሲመጣ ግንዱ የተተከለበትን ዓመት፣ ፍሬው የተለቀመበትን ዓመት፣ ካርቶኑም ከወደብ ወዲህ በምን ዓይነት መጋዘን እንደቆየ ጠይቁት። ሙቀት ያገኘው ጠርሙስ ቡሹ ወደ ላይ ይገፋል፤ ይህን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ከዚያም ለናሙና አንድ ጠርሙስ ከፍታችሁ ቅመሱ፤ የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጡና በሦስተኛው ቀን እንደገና ቅመሱት። ትእዛዙ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።