የአጋዘን አዳኝ ማማ በየትኛው ዛፍ ላይ ይሰቀል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጅ ኮሚቴው የዘንድሮው ንግግር ከሙያችን ጥቂት ወጣ ያለ እንዲሆን ስለ ጠየቀኝ ስለ አደን ለመናገር መረጥሁ። ርእሱ ግን ከሙያችን ብዙም የራቀ አይደለም። ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ ቦታ ይመርጣል፤ ቦታው ካልተስማማ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ብቻውን አያድነውም። በሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ማማ ሰቅሎ አጋዘን የሚጠብቅ አዳኝም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

«ማማ» የሚለውን ቃል የተጠቀምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን ገበሬ ማሽላው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ ለመከላከል የሚወጣበት ቆጥ ማማ ይባላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኛ ጠባቂ ወንጭፉን እያጮኸ እንዲታይና እንዲሰማ ይፈልጋል። የአሜሪካው አዳኝ ደግሞ እንዳይታይ፣ እንዳይሰማ፣ ከሁሉ ይልቅ እንዳይሸተት ይጥራል።

ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል። በአገራችን አጋዘንና ድኩላ የምንላቸው ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘው የሚኖሩ ናቸው። እዚህ የምናገርለት ነጭ ጅራት አጋዘን ግን ከሌላ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ ወንዱ ቀንዱን በየክረምቱ ጥሎ በጸደይ አዲስ ያበቅላል። የዚህ ቤተሰብ አባል በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። ሌላ ስም ስለሌለን አጋዘን ማለቱን እቀጥላለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ግድም ይህ እንስሳ ያለ ገደብ ከመታደኑ የተነሣ በብዙ ክፍላተ ሀገር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ኋላ ግን አደኑ በሕግ ተወሰነ፤ በ1937 ዓ.ም. በወጣው ሕግም በጠመንጃና በጥይት ላይ የተጣለው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደረገ። ዛሬ ቁጥሩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለሆነ፣ በአያሌ ቦታዎች አስጨናቂው ነገር ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ጀማሪ አዳኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «አጋዘኑ የት ነው?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ነፋሱ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። አጋዘን ዓይኑን ሊጠራጠር ይችላል፤ አፍንጫውን ግን አይጠራጠርም። ስለሆነም ማማው በዚያ ወቅት ከሚያዘወትረው ነፋስ አንጻር ከእንስሳው መንገድ በታች፣ ማለትም ሽታችን ወደ መንገዱ ሳይሆን ከመንገዱ ወዲያ በሚወሰድበት በኩል መሆን አለበት። ኮረብታማ በሆነ ስፍራ ነገሩ ይወሳሰባል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ቀሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ይከብድና እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በመሆኑም ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ለሚጠብቅ ሰው ከመንገዱ በላይ ያለው ዛፍ ሲሻል፣ ለማታው ግን ከመንገዱ በታች ያለው ይሻላል። አንድ ማማ ለጧትም ለማታም ይበቃል የሚል ሰው የኮረብታውን አየር ያልመረመረ ሰው ነው። ከጉብታ ጀርባ ደግሞ ነፋሱ፣ ከድልድይ ምሰሶ ኋላ እንደምናየው ውኃ፣ እየተሽከረከረ ስለሚመለስ እንዲህ ያለውን ቦታ ጨርሶ መተው ነው። ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአሜሪካ ሜዳ የሚበቅል አንድ ወተታም ተክል በፍሬው ውስጥ ሐር የመሰለ ብናኝ አለው፤ ያንን ከማማው ላይ ለቅቆ በዓይን መከተል የአየሩን መንገድ በሙሉ ያሳያል።

ከነፋስ ቀጥሎ የመሬቱ አቀማመጥ ይመጣል። አጋዘንም እንደ ሰው ድካም ስለማይወድ ተራራን የሚሻገረው በሁለት ጫፎች መካከል ዝቅ ባለው ኮርቻ ነው፤ ወንዝንም የሚሻገረው በመልካው ነው። ደን በሁለት ማሳዎች መካከል ሲጠብ እንደ ማነቆ ይሆናል። የሥፍራውን ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ማንበብ የሚችል መሐንዲስ እነዚህን ነጥቦች እግሩን ሳያነሣ ግማሹን ያገኛቸዋል። የቀረውን ግማሽ ምግቡ ይነግረዋል፤ በመከር ወራት ነጩ ባሉጥ፣ ፈረንጆች ነጭ ኦክ የሚሉት፣ ፍሬውን ሲያራግፍ አጋዘን ከሌላው ባሉጥ ይልቅ እርሱን ይመርጣል፤ ምሬቱ አነስተኛ ነውና። ወንዱ መሬት ጭሮ ምልክት ባደረገበት ቦታ ላይ ማማ መስቀል ብዙ ሰው የሚወደው ዘዴ ነው። እኔ ግን አልመክርም፤ እንስሳው ወደዚያ የሚመጣው በአብዛኛው ሌሊት ነው።

የመግቢያና የመውጫ መንገድም አለ። አዳኙ ወደ ማማው ለመድረስ የአጋዘኑን መኝታ አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢያምር ቦታው ዋጋ የለውም።

ስለ ከፍታና ስለ ርቀት በቁጥር መነጋገር ይሻላል። የአዳኙ እጅ ከእንስሳው ደረት 6 ሜትር ከፍ ብሎ፣ እንስሳው ከዛፉ ግርጌ 20 ሜትር ቢርቅ፣ የዕይታው መስመር ከአግድም 17 ዲግሪ ያህል ያዘቀዝቃል። እንስሳው 4 ሜትር ድረስ ቢቀርብ ግን ማዘቅዘቁ 56 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ቀስቱ በጀርባ ገብቶ አንዱን ሳንባ ብቻ ሊያገኝ ስለሚችል፣ እንስሳው ቆስሎ ሸሽቶ ተሠቃይቶ ይሞታል። ስለዚህ ለቀስት አዳኝ ዛፉ ከመንገዱ 15 ወይም 20 ሜትር ቢርቅ ይመረጣል። ከፍታን ያለ ልክ መጨመርም ሽታን ጥቂት ቢያርቅ ማዕዘኑን ያበላሻል።

ከ6 ሜትር የወደቀ ሰው ከ1 ሰከንድ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከማማ መውደቅ በአሜሪካ አዳኞች ላይ ሞትና የአካል ጉዳት ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። እዚህ ላይ የዛፉ ምርጫ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ዛፉ ሕያው፣ ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱም ለማማው የተወሰነው መሆን አለበት። በተለይ አሽ ከተባለው ዛፍ መራቅ ይገባል፤ በ2002 ዓ.ም. በሚሺጋን የተገኘው ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጢንዚዛ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን አድርቋል፤ የደረቀውም ቆሞ እያለ ይሰባበራል። ማማው ራሱ ከግንዱ የወጣ ጋን ነው። 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ የላይኛው ማሰሪያና የታችኛው መደገፊያ ደግሞ በ80 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው አግድም ጉልበት 500 ኒውተን ያህል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፣ እያደገም ማሰሪያውን ይወጥራል፤ የማሰሪያውንም ጨርቅ ፀሐይ ያደክመዋል። ማማውን ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ከመተው በየወቅቱ አውርዶ ማሰሪያውን መመርመር ይህን ያስቀራል። በብዙ ቦታ በሕዝብ ደን ውስጥ ምስማር በዛፍ ላይ መምታት ክልክል መሆኑንም ማወቅ ያሻል።

ብዙው ውድቀት የሚደርሰው ሲወጡና ሲወርዱ ስለሆነ፣ የደኅንነት ቀበቶው ማማው ላይ ከተቀመጡ በኋላ የሚታሰር ሳይሆን ከመሬት ጀምሮ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሚያያዝ ይሁን። የገመዱ መያዣ ከራስ በላይ ሆኖ መላላት የለበትም። በቀበቶ ተንጠልጥሎ መቆየትም የደም ዝውውርን ስለሚያውክ እግር የሚያሳርፍ ማንጠልጠያ መያዝ ግድ ነው። ጠመንጃውም ሆነ ቀስቱ አብሮ አይወጣም፤ አዳኙ ተቀምጦ ራሱን ካሰረ በኋላ፣ ጥይት ያልጎረሰ መሆኑ አስቀድሞ ተረጋግጦ፣ በገመድ ይሳባል።

ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።