ከጣርማበር እስከ ሚሌ በሞተር ብስክሌት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር

በተማርሁበት አዳራሽ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ልነግራችሁ የመጣሁት በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ እስከ ሚሌ በሞተር ብስክሌት ስላደረግሁት ጕዞ ነው። ያየሁትን ውበት እገልጥላችኋለሁ፤ ያጠፋሁትንም ጥፋት አልደብቅም። ከውበቱ ይልቅ የጠቀመኝ ጥፋቴ ነውና።

ደብረ ብርሃንን አልፌ ጣርማበር ስደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖት፥ ጣቶቼም በብርድ ደንዝዘው ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ካርቡራተር ያለው ሞተር ለቤንዚኑ የሚበቃ አየር አያገኝም፤ እንደ ደከመ በቅሎ እያቃሰተ ይወጣል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ያስቈፈሩትን ዋሻ አልፌ ስወጣ ግን ጉሙ ተገለጠ። ከእግሬ በታች ገደሉ፥ ከገደሉ በታች ቆላው፥ ከዚያም ማዶ ወደ አፋር የሚዘረጋው ሜዳ ሰማይና ምድሩ ሳይለይ ታየኝ።

ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ባየሁ ጊዜ ቤንዚን ልቈጥብ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ በፍሬን ብቻ ተማምኜም ለቀቅሁት። በመጀመሪያ ነፋሱ ደስ ያሰኝ ነበር። ከጥቂት ጠመዝማዛ በኋላ ግን ፍሬኑ ግሎ መሽተት ጀመረ፤ ቀጥሎም ብረግጠው የማይዝ ሆነ። የዳንሁት በመንገዱ ዳር በተከመረ ጠጠር ውስጥ ገብቼ በመውደቄ ነው። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና ሽማግሌው ሾፌር ወርደው አነሡኝ። ቍስሌን ካጠቡልኝ በኋላ፥ «ልጄ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተር ሲወጡ ብቻ ሳይሆን ሲወርዱም ይሠራል» አሉኝ።

ነገሩ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነው። ከከፍታ የሚወርድ ነገር ያለው ኃይል አይጠፋም፤ ፍሬን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ፍሬኑ ይከዳል። ዝቅተኛ ማርሽ ሲያዝ ግን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይገታል። ይህን በፈተና ጽፌ አልፌበታለሁ፤ በመንገድ ላይ ረሳሁት።

በደብረ ሲና አድሬ ፍሬኑን አሳየሁ፤ የከተማይቱን ስመ ጥር ቆሎ በኪሴ ይዤም ቀጠልሁ። ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፌ፥ ኮምቦልቻ አድሬ፥ ሰኞ ጧት ባቲ ገባሁ። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ከበረሃ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከላይ ይወርዳል፤ ተራራውና በረሃው በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ።

ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ ዛፉ እያነሰ፥ ድንጋዩም እየጠቈረ ይሄዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፥ በጣርማበር የለበስሁትን ካፖርት አውልቄ ከኋላ አሰርሁት። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር በዚሁ አገር ነው። ከጊንጪ አጠገብ የሚመነጨው አዋሽም ይህን በረሃ አቋርጦ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ሲመሽ ሞተሩን አጥፍቼ ቆምሁ፤ ከሩቅ ከሚሰማው የፍየሎች ድምፅ በቀር ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፥ በጣርማበር ብሞት ኖሮ ይህን ሁሉ ሳላይ እቀር እንደ ነበር አሰብሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ አንዳንዶቻችሁ ወላጅ ሳያውቅ ሞተር ብስክሌት እንደምትሞክሩ አውቃለሁ። አገራችሁን እዩ፤ ነገር ግን ያለ መንጃ ፈቃድ፥ ያለ ራስ ቁርና ያለ ውሃ አትነሡ። ዛሬ የምትወጡት ዳገት ትምህርት ነው። ከጓደኞቼ መካከል ዳገቱን በሚገባ ወጥተው፥ ሞተሩን አጥፍተው በቁልቁለት የወደቁ አሉ።

የመውደቄን ታሪክ እናቴ የምትሰማው ዛሬ ገና ነው። እነሆ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።